«በስንት ዓመተ ምሕረት ተመረቅክ?»

ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ በመስከረም ወር ቀይና ግራጫ ሹራብ ለብሶ የወጣ ሰው ይህ ጥያቄ አይቀርለትም። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቀለም ስለሆነ ለባሹ ሁሉ ተመራቂ ይመስላል። እኔ ግን እዚያ ግቢ ውስጥ አንድም ቀን ተማሪ ሆኜ አልተቀመጥኩም። ዲቪ ደርሶኝ መጣሁ፣ ዌርሃውስ ገባሁ፣ አሁንም እዚያው ነኝ። ይሁንና ከመስከረም እስከ ኅዳር ሠርግ የሚጠራኝ ሰው፣ ቀኑ ቅዳሜ ከሆነ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የሚጫወትበትን ሰዓት እንደማይ ያውቃል። እዚህ እንዴት እንደደረስኩና ከተመራቂ ደጋፊዎች ጎን ተቀምጬ ምን እንዳየሁ ልጻፈው። አዲስ ለመጡ ልጆች ሳይጠቅም አይቀርም። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በሥራ ቦታ ነው። ሰኞ ጠዋት ዌርሃውስ ስትገባ ወሬው ሁሉ ስለ ቅዳሜው ጨዋታ ነው፤ ሐሙስ ላይ ደግሞ ስለሚመጣው ይጀመራል። መሃል ላይ ያለችው ረቡዕ ብቻ ለአለቃ ሐሜት ትተርፋለች። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ዳር ቆሜ እሰማለሁ። ከሚጨቃጨቁት መካከል ዩኒቨርሲቲ የገባ አለመኖሩ ቶሎ ገባኝ። ፎርክሊፍት የሚነዳው ጓደኛዬ አባቱም አያቱም የኦሃዮ ስቴት ደጋፊ ነበሩ፤ ከቤተሰቡ ኮሌጅ የረገጠ ግን የለም።

ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ኮለምበስ የኤንኤፍኤል፣ ማለትም የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊጉ፣ ቡድን የላትም። ክሊቭላንድ አላት፣ ሲንሲናቲም አላት፣ ሁለቱም በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይርቃሉ። ስለዚህ የከተማው ሰው ቡድኔ የሚለው የዩኒቨርሲቲውን ነው። በ1922 የተከፈተው ስታዲየም ከ102 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ የኮለምበስ ግቢ ተማሪ 60 ሺህ ገደማ ነው። ተማሪው አንድ ሳይቀር ቢገባ እንኳ ከ40 ሺህ ያላነሰ ወንበር በሌላ ሰው መሞላት አለበት። ተማሪውም ሁሉ አይገባም። የእህቴ ልጅ እዚያው ትማራለች፤ የጨዋታ ቀን የምትወደው ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ ስለሚሆንላት ነው። የኳርተርባኩን፣ ኳሱን የሚወረውረውን ዋናውን ተጫዋች፣ ስም የነገርኳት እኔ ነኝ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ያልኖሩበትን መደገፍ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ለአርሰናል የሚያለቅስን ሰው «ለንደን ኖረህ ታውቃለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ማንቼ ነኝ ካልክ ማንቼ ነህ፣ አበቃ። እዚህ ግን ደጋፊነት ሁለት ደረጃ ያለው መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ጨዋታውን መልመድ ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ሲታይ ይቆማሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ፣ ከዚያ ማስታወቂያ ነው። አጥቂው አሥር ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ እንዳለው ማወቅ ግማሹን ይፈታል። ሌላውን ግማሽ የፈታልኝ የፎርክሊፍቱ ሰውዬ ነው። «ኳሷን ተዋት፤ ከፊት የተደረደሩትን አምስት ወፋፍራም ሰዎች እያቸው» አለኝ። ወደፊት ከገፉ ሩጫ ነው፤ ወደኋላ እያሉ ከተከላከሉ ኳሱ ሊወረወር ነው። በሁለት ቅዳሜ ውስጥ ጨዋታው ትርጉም ያዘልኝ። አዲስ ጀማሪ ካለ ይህንን ምክር ሳልቀንስ ነው የማስተላልፍለት።

ስታዲየሙን መጀመሪያ ያየሁት ሚያዝያ ላይ በሚደረገው፣ ቡድኑ እርስ በርሱ በሚጫወትበት የልምምድ ግጥሚያ ነው። ትኬቱ ርካሽ ነው። ልምምድ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፤ በ2016 አንዱን የልምምድ ግጥሚያ 100,189 ሰው ገብቶ አይቶታል! ሌላው ደግሞ ከጨዋታ በፊት ስታዲየሙ አጠገብ ባለው አሮጌ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ የሙዚቃ ጓዱ የሚያደርገው ዝግጅት ነው፤ እኔ የገባሁት በነፃ ነበር። ይኸው ጓድ ሜዳ ወርዶ እየተራመደ «ኦሃዮ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ፣ በሰው ሰንሰለት ይጽፋል፤ ልማዱ ከ1936 ጀምሮ ያለ ነው። «i» ፊደሏ ላይ ነጥቧን የሚያኖራት ትልቁን የነሐስ ቱባ የተሸከመ ልጅ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ስታዲየሙ የሚጮኸው ግብ የገባ ያህል ነው። ይህንን ለማድነቅ ዲፕሎማ አያስፈልግም።

ጥያቄው የሚመጣው ስታዲየም ውስጥ ሳይሆን ውጭ፣ ቴይልጌት ላይ ነው። ሰዉ ከጠዋት ጀምሮ መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን ዘርግቶ ይጠብሳል። ተመራቂዎች በቡድን በቡድን ነው የሚሰበሰቡት፤ ብዙዎቹ ድሮ አንድ ዶርም የኖሩ ናቸው። የሥራ ባልደረባዬ ዘመድ ካለበት ድንኳን ሄጄ ገና እጅ ስጨብጥ «በስንት ተመረቅክ?» ተባልኩ። «አልተማርኩም፣ ከተማው ውስጥ ነው የምኖረው» አልኩ። አንዱ እየሳቀ «አሃ፣ ዋልማርት ደጋፊ!» አለ። ቲሸርቱን ከግቢው የመጻሕፍት መደብር ሳይሆን ከሱፐርማርኬት የገዛ ለማለት ነው። በክፋት አላለውም፤ ቢሆንም ይሰማል። ሹራቤን በእርግጥ የት እንደገዛሁት አልነገርኩትም።

በዚያው ቀን የጠቀመኝ ምሳዬ ነው። የሚጠበሰው በአብዛኛው የአሳማ ቋሊማ ስለሆነ፣ ከዋናው ተቀናቃኛችን ከሚሺጋን ጋር የሚደረገው ጨዋታ ደግሞ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ስለሚውል፣ ሁልጊዜ የምስር ሳምቡሳ ይዤ ነው የምወጣው። አንዱ ቀመሰ፣ ሌላው ጠራ፣ ትሪው ባዶ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት የጠየቁኝ ስለ ምረቃዬ ሳይሆን ስለ ሳምቡሳው ነበር።

ተመራቂነት ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ከፈረንጆቹ ሳይሆን ከአንድ ያገሬ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን የምናገኛቸው ሽማግሌ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በንጉሡ ጊዜ በስኮላርሺፕ ኦሃዮ ስቴት መጥተው ኢንጂነሪንግ የተማሩ ናቸው። በዘመናቸው አርቺ ግሪፈን የሚባል ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች ነበር፤ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት ሁለት ጊዜ፣ በ1974 እና በ1975፣ የወሰደ እስከ ዛሬ ብቸኛው ተጫዋች ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ እየቸኮልኩ ሄጄ «ጋሼ፣ የ74ቱን የሚሺጋን ጨዋታ አይተውታል?» አልኳቸው።

«ስታዲየም ውስጥ ነበርኩ» አሉኝ፤ ከዚያ ዝም አሉ።

ጨዋታው የተደረገው ቅዳሜ ኅዳር 23 ቀን 1974 ነው። ሚሺጋን 10 ለ0 ይመራ ነበር። ኦሃዮ ስቴት አንድም ተችዳውን ሳያስቆጥር፣ ማለትም ኳሱን አንዴም እስከ ሜዳው ጫፍ ሳያደርስ፣ እያንዳንዱ ሦስት ነጥብ በሚያስገኝ አራት የእግር ምት ብቻ 12 ለ10 አሸነፈ፤ ሚሺጋን በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ያገኘውን ምት ሳተ። የከተማው ሰው እስከ ዛሬ በኩራት የሚያወራው ጨዋታ ነው። ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። ስድሳዎቹ የተገደሉበት ዕለት። ኮለምበስ ላይ ከሰዓት በኋላ ሲሆን አዲስ አበባ ምሽት ነው።

«ሌሊቱን ስንጨፍር አደርን» አሉ ጋሼ። «እሑድ ዕለት አንድ ጓደኛችን ዶርም መጥቶ አንኳኳ። ሬዲዮ ሰምቶ ነው። የመመለሴ ነገር እዚያው በሩ ላይ አለቀ።»

ከዚያ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ ጨዋታ ሳይ ልዩነቱን ማስተዋል ጀመርኩ። እኔ ተቀያሪውን ሳይቀር በስም አውቃለሁ፤ እሳቸው አንዳንዴ ኳርተርባኩን እንኳ አያውቁትም። ሲሸነፍ እኔ እንቅልፍ አጣለሁ፤ እሳቸው ሻያቸውን ጠጥተው ይተኛሉ። ጨዋታ አልቆ ተጫዋቾቹ ከሙዚቃ ጓዱ ፊት ተሰልፈው የትምህርት ቤቱን መዝሙር ሲዘምሩ ግን ተነስተው ይቆማሉ፣ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ተመራቂው ቡድኑን የሚወደው የራሱን ወጣትነት ስለያዘለት ይመስለኛል፤ ቡድኑ ቢሸነፍ ያ አይነካበትም። እኛ ያልተማርነው የያዝነው ቡድኑን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሽንፈቱ መድረሻ ያሳጣናል። ተቃራኒውን የሚያስቡ ብዙ ናቸው፤ ከውጭ የመጣ ደጋፊ ሲያሸንፍ ብቻ ነው የሚገኝ ይላሉ። ዌርሃውስ መጥተው ሰኞ ጠዋት ፊታችንን ይዩት።

ሌላም አለ። ጋሼ አንድ ተጫዋች ሲሰደብ አይወዱም። በተማሪነታቸው ከቡድኑ ልጆች አንዱ ጋር የሒሳብ ክፍል አብረው ነበሩና፣ ልጁ ለፈተና ሲጨነቅ አይተውታል። «ልጅ እኮ ነው» ይሉኛል። እኛ የምናየው የራስ ቁሩን ብቻ ስለሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላውን ልጅ እንደ ባለ ዕዳ እንጮኽበታለን። ከተመራቂዎች የወሰድኩት ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ገንዘብ መግባቱ ነገሩን እንዳወሳሰበው አውቃለሁ፤ ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸው ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ፣ በ2025 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው እንዲከፍሉ ተፈቀደ። ተከፋይ ቢሆንም ልጅነቱ አልተቀየረም።

ደግሞስ ዛሬ ባለቤትና ባዕድ የሚለየው ማን ነው? አሠልጣኙ ራያን ዴይ የተማረውም የተጫወተውም ኒው ሃምፕሺር ነው። በ2024 ኳርተርባክ የነበረው ዊል ሃዋርድ ካንሳስ ስቴት አራት ዓመት ተጫውቶ ነው የመጣው፤ ኮለምበስ የተጫወተው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ኩዊንሾን ጀድኪንስ ከሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ፣ ኬሌብ ዳውንስ ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ነው። በዝውውር የመጣ ልጅ ለአንድ ዓመት «የኛ» ከተባለ፣ ለከተማው ግብር እየከፈለ የኖረው የዌርሃውስ ሠራተኛ የማን ሊባል ነው? ይህንን ድንኳኑ ሥር ብናገር ተመራቂዎቹም ሳቁ፤ መልስ ግን አልሰጡኝም።

ያ የ2024 ዓመት ሁሉንም አሳየኝ። ሚሺጋን ኮለምበስ የመጣው ኅዳር 30፣ በእኛ ኅዳር ጽዮን ዕለት ነው። ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ሹራቤን ቀይሬ ተቀመጥኩ፤ 13 ለ10 ተሸነፍን። ለሚሺጋን አራተኛ ተከታታይ ድሉ ነበር። ከጨዋታው በኋላ የሚሺጋን ልጆች ባንዲራቸውን ሜዳው መሃል ሊተክሉ ሲሉ ድብድብ ተነሳ፣ ፖሊስ በርበሬ ጋዝ ረጨ። ከተማው በሙሉ አሠልጣኙ ይባረር አለ። ጋሼ ማታ ደወሉልኝ፤ «እንኳን ለጽዮን ማርያም አደረሰህ» ብለው ስለ ጨዋታው አንድ ቃል ሳያነሱ ዘጉት።

ቡድኑ ግን 12 ቡድኖች ወደሚገቡበት አዲሱ ጥሎ ማለፍ ገባ። ቴነሲን 42 ለ17፣ ኦሪጎንን 41 ለ21፣ ቴክሳስን 28 ለ14 አሸነፈ። ፍጻሜው ጥር 20 ቀን 2025 አትላንታ፣ ለእኛ የጥምቀት ማግስት ቃና ዘገሊላ ላይ ዋለ፤ ተጋጣሚው ኖተርዳም። ስለ ኖተርዳም ሳነብ ለጥያቄዬ መልስ የሚሆን ታሪክ አገኘሁ። በ1920ዎቹ ኖተርዳም ከዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ጋር ኒው ዮርክ ላይ ሲጫወት፣ ዩኒቨርሲቲው ያለበትን የኢንዲያና ግዛት በዓይናቸው አይተው የማያውቁ የአየርላንድ፣ የጣሊያንና የፖላንድ ስደተኞችና ልጆቻቸው የምድር ውስጥ ባቡር (ሰብዌይ) ተሳፍረው ስታዲየሙን ይሞሉት ነበር። «የሰብዌይ ተመራቂዎች» ተባሉ፤ ስሙ ከጊዜ በኋላ የክብር ሆነ። አሠልጣኛቸው ክኑት ሮክኒም ኖርዌይ የተወለደ ስደተኛ ነው። እኔም ኖተርዳምን በአክብሮት አይቼ፣ 34 ለ23 ስናሸንፋቸው በደንብ ጮህኩ።

አሁን ጥያቄው ሲመጣ «አልተማርኩም» እላለሁ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። የ1974ን ጨዋታ እንደነበርኩበት አላወራም፤ የጋሼ ነው። «አሸነፍን» ማለቱን ግን አልተውም።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ የተመራቂዎች ማኅበር አባላት ትኬት በዕጣ የሚገዙበት መንገድ አላቸው፣ ለስፖርቱ ገንዘብ የሚለግሱም ቅድሚያ ያገኛሉ፤ እኛ የሚተርፈን በአብዛኛው ድጋሚ ሽያጭ ነው። የሚሺጋንን ጨዋታ እርሱትና መስከረም ላይ ከትንሽ ቡድን ጋር የሚደረገውን ፈልጉ፤ ጨዋታው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ስልካችሁ ላይ ዋጋው ሲወርድ ታዩታላችሁ። ቦርሳ ላይ ጥብቅ ገደብ አለና ወደ ስታዲየሙ ስትገቡ ምንም አትያዙ። በኅዳር የምትሄዱ ከሆነ ያላችሁን ሁሉ ደራርቡ፣ ስታዲየሙ ጣሪያ የለውም። ለቴይልጌቱ ሳምቡሳውን በርከት አድርጉት፤ ተመራቂዎቹ ይጨርሱባችኋል።