በማን እግር ሄደ?

ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በዳይስና በምናብ የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ከውጊያ ሕጎቹ ውስጥ እንደ ኦፖርቹኒቲ አታክ የምወደው የለም። የምታየው ጠላት መሣሪያህ ከሚደርስበት ሊወጣ ሲል፣ ከመውጣቱ በፊት አንዴ ትመታዋለህ። ሲያዩት አጭር ነው። እኛ ጋ፣ ደብረ ማርቆስ፣ የቅዳሜውን ጨዋታ የሚያስመሸን ግን እሱ ነው።

በዚህ ሳምንት ዲኤም፣ ማለትም ጨዋታውን የምመራው፣ እኔ ነበርኩ። ውጊያው የድንጋይ ድልድይ ላይ ነው። ጢስ ዓባይ ያለውን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ድልድይ እያሰብኩ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ሳልኩት። ጎብሊኖቹ፣ ትንንሾቹ ክፉ ፍጡሮች፣ የለስላሳ ቆርኪ ናቸው፤ ተሻግረው መንደር ሊገቡ ይፈልጋሉ። ታናሽ ወንድሜ ተዋጊ ገጸ ባሕሪውን ይዞ መሃል ላይ ቆመ። የአክስቴ ልጅ ባርዷን፣ በሙዚቃ አስማት የምትሠራ ገጸ ባሕሪዋን፣ ይዛ ከጎኑ።

አንዱ ጎብሊን ከፊቱ ወደ ጎኑ ዞረ። ወንድሜ ዳይሱን አነሳ። "ተንቀሳቀሰ እኮ፣ ልምታው!"

አይመታም። የምንጫወተው በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣውን አምስተኛ እትም ነው፤ ዙሪያህን ቢዞርህም ካልራቀህ ምት የለም። 3.5 የሚባለውን የቆየ እትም የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። በዚያኛው መሣሪያህ ከሚደርስበት ከየትኛውም ካሬ መውጣት ያስመታ ነበር።

ደግሞ ወንድሜ የያዘው ግሌቭ ነው፤ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካ ስለት። 10 ጫማ ይደርሳል። አጠገቡ ያለ ጎብሊን አንድ ካሬ፣ ማለትም 5 ጫማ፣ ቢያፈገፍግ ገና ስለቱ ስር ነው። አይመታም ማለት ነው። ይሄን ሳስረዳው ፊቱ ቅጭም አለ።

ዋናው ክርክር የመጣው ከአስማቱ ጋር ነው። የአክስቴ ልጅ ታንደርዌቭ የሚባለውን ገፊ አስማት ስትለቅ አንዱ ጎብሊን 10 ጫማ ተወርውሮ ግሌቩ ከሚደርስበት ወጣ። ምት የለም፤ የወሰደው የሰው ጉልበት ነው። በሚቀጥለው ተራዋ ሌላኛው ላይ ዲሶናንት ዊስፐርስ ሞከረች። ጎብሊኑ ጭንቅላቱ ውስጥ የገባውን ድምፅ መቋቋም አቅቶት ሮጠ። ወንድሜ እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ።

"አሁንማ ምታው" አልኩት።

"እንዴ፣ ምን ልዩነት አለው? ሁለቱም የኔ አስማት ነው!" አለች።

ልዩነት አለው፣ ያውም ትልቅ። ሕጉ ጎብሊኑ መሄድ ፈልጎ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የራሱን እንቅስቃሴ፣ አክሽን (በተራው የሚያደርገውን ድርጊት) ወይም ሪአክሽን (ለሆነ ነገር ወዲያው የሚሰጠውን ፈጣን ምላሽ) ተጠቅሞ ነው ወይ የሄደው ብሎ ነው። ዲሶናንት ዊስፐርስ ደግሞ የራሱን ሪአክሽን አስወጥቶ ነው የሚያስሮጠው። ፍርሃቱ ከሷ መጣ፣ እግሩ ግን የራሱ ነው። ለኔ ይሄ ከወረቀት ሕግነቱም በላይ ስሜት ይሰጣል። የሚሮጥ ሰው ጀርባውን ይሰጥሃል። በድንገት የተወረወረው ግን ስለትህን ሳታነሳ አልፎሃል።

ወንድሜ መታው፣ ጣለውም። ደስ አለን። ወዲያው ሌላ ጎብሊን በጎኑ ሾልኮ ወደ መንደሩ ሲሮጥ ግን ምንም ማድረግ አልቻለም። ሪአክሽኑን ለዚያ ምት ጨርሶታል፤ ሪአክሽን ለአንድ ዙር አንድ ብቻ ነው፤ የሚመለሰው የራስህ ተራ ሲጀምር ነው። ጎብሊን በቦነስ አክሽን (በተራው በሚያገኘው ተጨማሪ ፈጣን ድርጊት) ዲስኢንጌጅ አድርጎ፣ ማለትም ተጠንቅቆ አፈግፍጎ፣ ከምቱ ማምለጥ ይችላል። ይሄኛው ግን አላስፈለገውም፤ ግሌቩ ሥራውን እንደጨረሰ አይቷል። ወንድሜ ዝም ብሎ ካርታውን አየ። የሚሸሸውን መምታት ይሻላል ወይስ የሚሻገረውን መጠበቅ? የዚህ ሕግ ውበቱ እዚህ ጋ ነው የሚታየኝ። ተራህ ሳይደርስ ያስመርጥሃል።

አንድ ነገር ወስኛለሁ። ከእንግዲህ ተጫዋች ከጠላት ሊርቅ ሲል አስቀድሜ እነግረዋለሁ፦ "ከዚህ ከወጣህ ይመታሃል፣ ትሄዳለህ?" ዕድሜውን በጦር ሜዳ ያሳለፈ ተዋጊ የትኛው እርምጃ እንደሚያስመታው ያውቃል። እሱን የሚጫወተው ልጅም ይሄን አውቆ መወሰን አለበት። ሄዳለሁ ካለ ዳይሱን እጥላለሁ።