ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ባህር ዳር ውስጥ ላፕቶፕ ይዛችሁ ጥገና ቤት ከገባችሁ፣ ችግሩን ተናግራችሁ ሳትጨርሱ "ፎርማት ይደረግ" ትባላላችሁ፤ ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው። ቀርፋፋ ነው? ፎርማት። ዋይፋይ አይዝም? ፎርማት። ኧረ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ክፈተውና እየው!

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ካቆመ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ሁሉም ወደ 11 መሻገር ይፈልጋል።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ አፕግሬድ፣ ማለትም ምንም ሳይጠረግ አዲሱን ዊንዶውስ በነበረው ላይ መጫን፣ ይበቃል። ፋይሉም ሶፍትዌሩም ባለበት ይቆያል። አሮጌው ሲስተም ለብቻው ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ አዲሱ ካልተስማማችሁ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ነበራችሁበት ትመለሳላችሁ፤ ፎርማት የተደረገ ግን ወዴት ይመለሳል? ብቻ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ ነው) እና ቢያንስ 4 ጊጋ ራም መኖሩን እዩ። የሚወርደው የዊንዶውስ ፋይል ከ5 ጊጋ በላይ ነው፣ ኔት ከደከመ ጣና ዳር ወክ አድርጋችሁ ብትመለሱም ላያልቅ ይችላል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ አትጀምሩ፣ የኛን መብራት ታውቁታላችሁ።

ፎርማት ላይ ከሁሉ የሚያበሽቀኝ የፎንት ነገር ነው። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ስላልሆነ፣ ፎንቱ ከጠፋ አማርኛው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ መመረቂያ ጽሑፍ ለማስረከብ የሚሯሯጥ ሰው ይሄን ሲያይ ልቡ ቀጥ ይላል። ጽሑፉ ግን አለ፣ ፎንቱ ሲመለስ ይነበባል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ፎንቶቹን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። የዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት ኒያላም ቢሆን ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ተጨማሪ ፎንት ስለሆነ፣ እንደ አዲስ በተጫነ ማሽን ላይ ካጣችሁት ከሴቲንግ ማውረድ ነው።

"ፋይሌ ዲ ላይ ነው" ብላችሁም አትዝናኑ። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ሲ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ባለበትና በሚጠረገው የዲስኩ ክፍል ነው፣ አብሮ ይጠፋል።

ቫይረስ የወረረው ወይ በክራክ (ያለ ላይሰንስ እንዲሠራ በሚያደርግ ሕገወጥ ፕሮግራም) የተጫነ ከሆነ ግን ፎርማት ይደረግ፣ አልከራከርም። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በፈጣኑ ዲስክ በኤስኤስዲ ስትቀይሩም እንደ አዲስ መጫን ይሻላል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚያንቀራፍፈው ዲስኩ ራሱ ነው። የዋይፋይ ድራይቨሩን (ዊንዶውስ ዋይፋዩን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ፕሮግራም) ቀድማችሁ አውርዱ፣ ከፎርማት በኋላ ኔት ላይኖር ይችላል። ኦሪጅናል ዊንዶውስ ካላችሁ ደግሞ ዓይነቱ ሆም ይሁን ፕሮ አይታችሁ ለባለሙያው ንገሩት። ላይሰንሱ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለተያያዘ ያው ዓይነት ከተጫነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ያደርጋል፤ ሆሙን አንስቶ ፕሮ ከጫነላችሁ ግን እምቢ ይላል፣ ከዚያ ክራክ ያደርግላችሁና ያስከፍላችኋል።