የአንኮበሩ አንጥረኛ በሩን ለምን ይዘጋል?

ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ያደርኩበት ሆቴል ግን ለጥር ብርድ የሰጠኝ አንድ ስስ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር፤ ሌላ እንዲጨምሩልኝ ስጠይቅ «አልቆብናል» ተባልኩ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ጃኬቴን እንደለበስኩ ተጠቅልዬ ተኛሁ፤ ከሥር ያለው መጠጥ ቤት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲያስጨፍር እኔም አብሬ አመሸሁ። ለዚህ ሁሉ የተጠየቅኩት 250 ብር ነው። ጠዋት ሒሳብ ስከፍል ተቀባይዋ «እንዴት አደሩ?» አለችኝ፤ ዝም ብዬ ቁልፉን ሰጠኋት።

ሥራዬ ፒያሳ ነው፤ ወርቅ ቤት ውስጥ፣ ከመስታወቱ ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ከጋዝ መበየጃ ፊት። በ2011 ዓ.ም. ከጥምቀት ማግሥት ጥቂት ቀን ዕረፍት ሳገኝ ወደ አንኮበር የሳበኝ ለጥገና የመጣልን አንድ አሮጌ የብር ድሪ ነበር። ሰንሰለቱ ከቀጭን ሽቦ የተጠለፈ ነው፤ ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቱ አይዛነፍም። ባለቤቷ «የአያቴ ነው፣ አንኮበር የተሠራ» አለች። እኛ ሽቦ የምናወጣው በመዳመጫ ማሽን ነው፤ ማሽን የሌለው ሰው ይህን እንዴት አወጣው? ነገሩ አልዋጥልኝ አለ።

መናኸሪያው አጠገብ ቡና እየጠጣሁ ሳለ አንድ ጎልማሳ ቀረበኝና ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ጠገራ ብር አወጣ። «የአባቴ ውርስ ነው፤ ለአንተ 900 ብር።» ጠገራ ብር ማለት የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የትም አገር ይመታ፣ መቼም ይመታ፣ ሁሉም ያንኑ ዓመት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ዓመቱ እውነተኛውን ከሐሰተኛው አይለይም፤ የሚለየው ሚዛን ነው። እውነተኛው 28 ግራም ከትንሽ ነጥብ ይመዝናል፤ ከሺህ እጁ 833 ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። እኔ ደግሞ የኪስ ሚዛኔን ከምረሳ ጥርስ ብሩሼን ብረሳ የምመርጥ ሰው ነኝ። ሳህኑ ላይ ሳስቀምጠው 24.6 አለ። ጠርዙን በጥፍሬ ዳሰስኩት፤ በእውነተኛው ጠርዝ ላይ የላቲን ፊደላት ጎልተው ይዞራሉ፤ በዚህ ላይ የነበረው የሞረድ ጭረት ብቻ ነው። «ወንድሜ፣ አባትህን አታለውታል» ብዬ መለስኩለት። አልተናደደም፤ ወደ ሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደ።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ስንት ሰው እንደተጫነ መቁጠር ስላልቻልኩ ተውኩት። ጉም፣ ገብስ ማሳ፣ እንደገና ጉም። ከዚያ ምድሩ ድንገት ይቆረጣል፤ ከሥር እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ገደል ብቻ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እዚህ መቀመጣቸው፣ አፄ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት ከተማቸው ማድረጋቸው ለምን እንደሆነ ሲያዩት ይገባል፤ ከቆላ የሚመጣው ነጋዴም ሆነ ጠላት ገና ከሩቅ ይታያል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ምኒልክ ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ የታዘዘው ጫማ እንዲሰፋ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ ነበር ይባላል። እንደ እኔ ትእዛዙ ተገቢ ነው። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው በወረቀት ሳይሆን በእጁ ነው የሚፈተን።

የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ገበያዋ ሞቅ ብሎ ነበር። ጀበናና ምጣድ የምትሸጥ አንዲት እናት አጠገብ ቁጢጥ ብዬ፣ አንጥረኛ የት እንደማገኝ ጠየቅኋት። ቶሎ አልመለሰችልኝም። ጀበናውን አንኳኩታ ድምፁን አሰማችኝ፤ 60 ብር ጠራች፤ ከዚያ «አንጥረኛ ለምን ፈለግህ?» አለች። ጥርጣሬዋ አልገረመኝም። በእነዚህ የባለእጅ ቤተሰቦች ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች፤ አገሩ ማረሻውን በእነርሱ አስስሎ፣ ወጡን በእነርሱ ድስት ሠርቶ ሲያበቃ «ቡዳ» ይላቸዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋት፤ የአውራ ጣቴና የሌባ ጣቴ ጫፍ በእሳት የደነደነ ነው። አየችው፣ ነካችው፣ ሳቀች። «ባለቤቴ ነው እንግዲህ። እቃዬ እስኪሸጥ ጠብቅ» አለች። አምባሻ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ስከፍል አልቀበልም አለች። የጀበናውን 60 ብር ግን ሳንቲም አልቀነሰችልኝም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ያለችው የሥራ ጎጆ መስኮት የላትም። አዛውንቱ ከመግቢያው ሆነው «ግባ፣ ልጄ፤ በሩን መልሰው» አሉኝ። ስመልሰው ከፍሙ በቀር የሚታይ ነገር ጠፋ። እኔ ከራሴ በላይ ሁለት ረጃጅም መብራቶች ካልበሩ መርፌ የማላነሳ ሰው ነኝ። የስልኬን መብራት ባበራ ቆጣ አሉ፦ «አጥፋው! ብሩን ታሳውርብኛለህ።»

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ዕቃው አንድ በአንድ ብቅ አለ። ወናፉ ከሁለት የፍየል ሌጦ የተሰፋ ነው፤ የልጅ ልጃቸው በግራና በቀኝ እጁ እያፈራረቀ ሲጫነው ነፋሱ በሸክላ አፍንጫ በኩል ሳይቋረጥ ፍሙ ሥር ይገባል። መስፉ ግንድ ላይ የተቸነከረ የከባድ መኪና ብረት ነው። ጥግ ላይ የተቆለለው የመኪና ባሌስትራ ማረሻና ማጭድ ለመሆን ተራውን ይጠብቃል። ብር የሚሠሩት ለሠርግ ወይም ለጥምቀት ሲታዘዙ ብቻ ነው፤ ኑሯቸው ማረሻ ነው፤ ገበሬው የሚከፍላቸውም ብዙ ጊዜ በመኸር እህል ሰፍሮ ነው። ያን ቀን ግን ዕድለኛ ነበርኩ፤ አንድ አባት ለልጁ አምባር እንዲሠራለት ሁለት ጠገራ አስቀምጦ ሄዷል። ሚዛኔን አወጣሁ፦ 27.9 እና 28.0። «መዝነህ አወቅህ? እኔ መስፉ ላይ ጥዬ ድምፁን እሰማለሁ» አሉ።

ማቅለጫዋ ሚስታቸው ከሸክላ አፈርና ከተፈጨ የገል ስብርባሪ ያበጀቻት ጽዋ ናት፤ ገሉ እሳት ሲበረታ እንዳትሰነጠቅ ይጠብቃታል። ጠገራዎቹ ቀይ ሆኑ፣ ላብ ያዛቸው፣ ከዚያ የንግሥቲቱ ፊት ተንሸራቶ ጠፋ። ቁንጥር ቦራክስ ጣል አደረጉ፤ ቆሻሻው ወደ ዳር ሸሽቶ መሃሉ እንደ መስታወት ጠራ። በሰም በታሸ የብረት ቦይ ውስጥ ሲያፈሱት ሰሙ ቦግ ብሎ ነደደ፤ የጣት ውፍረት ያለው ዘንግ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ነው የጨለማው ነገር የገባኝ። ዘንጉን በመዶሻ ሲያስረዝሙት መጀመሪያ ድምፁ ድፍን ነበር፤ እየተመታ ሲሄድ ቀጠነ፣ ጮኸ። ብር ሲመታ ይደነድናል፤ ሳያለሰልሱ ከቀጠሉ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ድምፁ እንደተለወጠ ወደ እሳቱ መለሱት። የሚፈለገው ሙቀት ብሩ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን ነው። ያ ቅላት በፀሐይ ብርሃን አይታይም፤ በፀሐይ ከታየ ሙቀቱ አልፏል ማለት ነው፤ ትንሽ ከቆየም ብሩ መቅለጥ ይጀምራል። በጨለማው ውስጥ ግን ዘንጉ ከጥቁር ወደ ቀይ ሲሻገር ዳር ዳሩን ቁጭ ብዬ አየሁት። «አሁን» አሉና ውኃ ውስጥ ነከሩት። እኛ ፒያሳ በዚያ ሁሉ ብርሃን ውስጥ ሙቀቱን እየገመትን ስንት አምባር እንዳቀለጥን እግዚአብሔር ይወቀው። የጎጆዋ ጨለማ ከመዶሻውና ከጉጠቱ እኩል የሚቆጠር መሣሪያ ነው።

ውኃው ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። በዚያው ገንዳ ውስጥ ጠዋት ማጭድ ነክረው ነበር። የባሌስትራ ብረት ግሎ ውኃ ሲገባ ይጠነክራል፤ ብሩ ግሎ ያው ውኃ ውስጥ ሲገባ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። በትምህርት ቤት አላውቀውም ማለቴ አይደለም፤ ግን በአንድ ባልዲ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀን አይቼው አላውቅም ነበር።

ከመዳቡ የተነሣ ብሩ እሳት በገባ ቁጥር ይጠቁራል። ሲያልቅ ሎሚና ጨው ባለበት ሸክላ ይቀቅሉታል፤ ጎምዛዛው የላዩን የተቃጠለ መዳብ ብቻ ይበላና ከሞላ ጎደል ንጹሕ የሆነ ብር እንደ ቆዳ ከላይ ይቀራል። ነጭ፣ ፈዛዛ፣ ኖራ የመሰለ። ከዚያ በወንፊት የተነፋ አመድ ያሹበታል። እኛ ለዚህ አሲድ እንጠቀማለን፤ ውጤቱ ያው ነው፣ የእርሳቸው ግን አያሳልም።

ስለ ሽቦው ጠየቅኳቸው። ከጣራው ክዳን ውስጥ ጨርቅ መዘዙ፤ ውስጡ ያረጀ ሞረድ፣ ሞረዱ ላይ ከወፍራም ወደ ቀጭን የተደረደሩ ቀዳዳዎች። እያንዳንዱ ቀዳዳ ከአንድ ወገን ሰፊ፣ ከሌላው ጠባብ ነው። የብሩን ቀጭን ዘንግ ጫፍ በሞረድ አሹለው፣ ሰም ቀብተው፣ በሰፊው በኩል አስገቡና በጠባቡ በኩል በጉጠት ያዙት፤ እግራቸውን ግንዱ ላይ ደግፈው ወደኋላ ተለጠጡ። ሽቦው እየጮኸ ወጣ። ቀጥሎ ጠባቡ፣ ቀጥሎም ከዚያ የጠበበው፤ ሲደነድን እሳት፣ ውኃ፣ እንደገና መሳብ። ያ ድሪ በዚህ ነው የተሠራው። ሁለት ሽቦ አጣምረው ገመድ አደረጉ፤ ከቁራጮቹ ከሰል ላይ አስቀምጠው ነፋ ሲያደርጉበት እያንዳንዱ ተጠቅልሎ ክብ ጠብታ ሆነ። ጠብታዎቹን የሚያጣብቁት በብርና በነሐስ ብናኝ ድብልቅ ነው፤ ነሐሱ ውስጥ ያለው ዚንክ ድብልቁን ከብሩ ቀድሞ ያቀልጠዋል። በዶሮ ላባ ቦራክስ ሲቀቡ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሲቆሙ ግን ጉልበታቸውን ይዘው ነው።

ሲመሽ ወደ ጎረቤላ ተመልሼ አደርኩ፤ አልጋው 120 ብር፣ ብርድ ልብሱ ሁለት። በማግሥቱ ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ። ሙቀቱ ጃኬቴን አስወለቀኝ፤ ጉልበቴ ቁልቁለቱን ለሳምንት አልረሳውም። በድሮ ጊዜ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ቅፍለት የሚራገፍባት የንግድ ከተማ ነበረች፤ ጠገራውም በዚህ በኩል ነበር የሚወጣው። እኔ በወረድኩበት ቀን ግን ከፕላስቲክ ጫማ አጠገብ የሚያብለጨልጭ አምባር በ40 ብር ይሸጥ ነበር። ነጋዴው «ብር ነው» አለኝ። ኒኬል ነው። ለሚገዙት ልጃገረዶች ግን ያምራል፣ አይጠቁርም፣ እንደ ገንዘብ ተቀምጦ ለክፉ ቀን እንደማይሆን ማንም አልነገራቸውም። እኔም አልነገርኳቸውም፤ የሰው ገበያ ነው።

ከአዛውንቱ ዘንድ ያዘዝኩት አንድ የሽቦ መሳቢያ ነበር። 400 ብር፣ ግማሹ ቅድሚያ። ሞረዱን በእሳት አለስልሰው፣ ቀዳዳዎቹን በስተው፣ መልሰው አጠንክረው እንደሚልኩልኝ ነገሩኝ፤ «አትቸኩል፤ ከተቸኮለ ይሰነጠቃል» አሉ። በመጋቢት ከአንድ ሹፌር እጅ ደረሰኝ፤ ሹፌሩ ለማድረሻ 100 ብር ጠየቀ፣ 50 ሰጠሁት። ዐሥራ አራት ቀዳዳዎች አሉት። ዘጠነኛው ከመሃል ትንሽ ሸሸት ብሏል፤ ሽቦ ሲያልፍበት በግራ በኩል ቀጭን ጭረት ይተዋል። እርሱን እየዘለልኩ እሠራበታለሁ። ከማሽኑ ይዘገያል፤ ባለሱቁም ይህንኑ በየቀኑ ያነሣብኛል።