«የእነዚህን ልጆች አፍ ክፈትልኝ» ብዬ የለመንኩት ጸሎት

በባዕድ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ስለ ሥራ ውሉና ስለ መኖሪያ ፈቃዱ አብዝቶ ይጸልያል። እኔ የምመሰክረው ግን ስለ ክፍል ውስጥ ዝምታ ነው። መምህሩ ይጠይቃል፤ አርባ ተማሪ አንገቱን ይደፋል፤ መምህሩ ራሱ ይመልሳል። ይህ ሲደጋገም አንደበት ይተሳሰራል፤ የክፍሉን በር መክፈት ራሱ ይከብዳል። «አቤቱ፣ የእነዚህን ልጆች አፍ ክፈትልኝ» ብዬ ለመንኩ። ስሙ የተመሰገነ ይሁን፣ ተከፈተ! መንገዱን በዝርዝር የምጽፈው በዚያው ጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው ነገ ጠዋት ክፍል ገብቶ እንዲሞክረው ነው።

መጀመሪያ የተዘጋው የመምህሩ አፍ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባወጣቻቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳየች። ጥበቃው ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ብሎ የሚቀረው ቀነሰ። እነዚያ ተማሪዎች በአንደኛ ደረጃ የሳይንስ ክፍል ያሉ ልጆች ነበሩ። በሁለተኛ ቋንቋ የሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ የእንግዳ መምህር አነጋገር ለይቶ መስማት፣ የሰማውን ወደ ልቡ ቋንቋ መመለስ፣ መልሱን ማሰብ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ትምህርቱ ቋንቋ ማዞር አለበት። አራት ሥራ ነው። በአንድ ሰከንድ ማን ይጨርሰዋል?

ሦስት ሰከንድ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ረጅም ነው። ጸሎቱ ሥራ ላይ የዋለው እዚህ ላይ ነው። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ቀስ ተብሎ በልብ ሲባል ሦስት ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ለቀላል ጥያቄ አንድ ጊዜ፣ ማሰብ ለሚፈልግ ሦስት ጊዜ። የእጅ ሰዓት ማየት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ሰዓት የሚያይ መምህር ተማሪውን ያስደነግጣል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ጥያቄውን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፉት፤ ጆሮ ያመለጠውን ዓይን ይይዘዋል። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞራችሁ አንድ ጊዜ አንብቡትና ዝም በሉ። ብዙ መምህር የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ዝምታው ሲጨንቀው ጥያቄውን በሌላ ቃል ይደግመዋል። ለእኛ ማብራሪያ ይመስለናል፤ በሁለተኛ ቋንቋ ለሚሰማው ግን አዲስ ጥያቄ ነውና የጀመረውን ትቶ ከሀ ይነሳል። መድገም ካለባችሁ በዚያው ቃል ይሁን። ስም የምትጠሩ ከሆነም ከጥያቄው በኋላ ይሁን፤ ቀድማችሁ ከጠራችሁ ሌላው ሁሉ ማሰቡን ያቆማል።

ጥያቄው ከባድ ሲሆን ጸሎት ብቻውን አይበቃም፤ ጊዜም ስጡ። አንድ ደቂቃ በወረቀት ይጻፉ፤ ሁለት ደቂቃ ከጎናቸው ካለው ጋር፣ ቢፈልጉ በራሳቸው ቋንቋ፣ ይነጋገሩ፤ ከዚያ ጠይቁ። ዝም ያለው ልጅ በእጁ የጻፈውን ለማንበብ አይፈራም። የዕለቱን አሥር ቁልፍ ቃላት ከነትርጉማቸው አንድ ቀን ቀድሞ መላክም ብዙ ይረዳል።

ሁለተኛም ዝምታ አለ፤ ሮውም ለይታ ያጠናችው ነው። ተማሪው መልሶ ሲጨርስ «በጣም ጥሩ!» ብሎ መቸኮል በሩን መልሶ ይዘጋል፤ ሌሎቹ ነገሩ አለቀ ብለው ብዕራቸውን ያነሳሉ። እዚህም አንድ እግዚኦታ። የመለሰው ልጅ ራሱ «ምክንያቱም…» ብሎ ይቀጥላል፣ ወይም ከኋላ ወንበር ሌላ እጅ ይወጣል። ያንን እጅ ሳይ እንባዬ ይመጣል፤ ስንት ጊዜ የለመንኩት ነው።

መጀመሪያ ስላነሳሁት ስለ ሥራ ውሉና ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ጸሎት ጥቂት ልጨምር፤ ብዙዎች በዚያ ይጨነቃሉና። የመኖሪያ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ ውል ጋር የታሰረ ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላውም ሊያልቅ ይችላል። የፓስፖርቱን፣ የፈቃዱንና የውሉን ማብቂያ ቀን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ጸሎት በምታደርጉበት ቦታ ለጥፉ፤ ቀድሞ ከሚያልቀው ማብቂያ ስድስት ወር ሲቀር ማሳደስ ጀምሩ። በዲግሪው፣ በውሉና በባንክ ሒሳቡ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል፤ አንድ ፊደል ደመወዝ ያስቀራል። የጸሎት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ቀኖቹን እየጠሩ አብረው ሲጸልዩ ቀነ ገደቡንም ያስታውሱናል፤ ይህም ራሱ መልስ ነው።

በክፍል ውስጥ ፈጽሞ የማይናገር ተማሪ ደግሞ አለ። ለእሱ ከትምህርት በኋላ አሥር ደቂቃ አስቀሩለት። ኮምፒውተራችሁን አጥፉ፣ ቦርሳችሁን ግን አትዝጉ፤ ቦርሳው ሲዘጋ ካየ ተመልሶ ይሄዳል። ሌሎቹ እስኪወጡ በሩ አጠገብ ይዘገያል፤ ደብተሩን አጥፎ፣ ጣቱን በገጹ መካከል አድርጎ። ሲጠጋ እናንተ አትጀምሩ። አንድ ጊዜ እግዚኦ በሉ፤ ጣቱን አውጥቶ ገጹን ይገልጥላችኋል።