ጠርሙሱ ዝም ሲል

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ልቤ አልረጋ ብሎኝ ዋለ። መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩ፤ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤ ምንም ሳልይዝ ዘጋሁት። እጄ ሥራ ፈልጎ ነበር መሰለኝ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ነገ ዛሬ ስል የቆየ ግማሽ ሊትር ክሬም ነበር። አወጣሁትና ቅዝቃዜው ትንሽ እስኪሰበር ጠበቅሁ። ቅቤ በደንብ የሚወጣው ክሬሙ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። በጣም ከቀዘቀዘ ክንድ ይጨርሳል፤ በጣም ከሞቀ ደግሞ ስቡ ስለሚቀልጥ አይያያዝም።

አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት። ከግማሽ በላይ መሙላት አይገባም፤ የሚላጋበት ቦታ ይፈልጋል። ክዳኑን አጥብቄ መናጥ ጀመርኩ።

መጀመሪያ እንደ ውሃ ይንቦጫቦጫል። ቀስ በቀስ ድምፁ ይወፍራል፤ ከዚያ ድንገት ዝም ይላል። ክሬሙ አየር ውጦ ስለሚያብጥና ጠርሙሱን ስለሚሞላው የሚንቀሳቀስ ነገር አይቀርም። ክብደቱ ባይኖር ባዶ ዕቃ የምወዘውዝ በመሰለኝ ነበር።

ይህን ዝምታ ሁልጊዜ እፈራዋለሁ። ትልቁ ሥራ የሚሠራው ግን በእሱ ውስጥ ነው። ክሬም ማለት ውሃ ውስጥ የተበተኑ እልፍ የስብ ጠብታዎች ናቸው። እያንዳንዷ ጠብታ ከጎረቤቷ እንዳትዋሐድ የሚከለክላት እጅግ ስስ ሽፋን ለብሳለች። መናጡ ያንን ሽፋን ይቀደዋል፤ የተራቆተው ስብ እርስ በርሱ ይያያዛል። በመጨረሻም ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፦ ውሃ ስብን አቅፎ የነበረው ቀርቶ ስብ ውሃን ያቅፋል። ከውጭ ለሚሰማ ሰው ግን ምንም የለም።

እኅቴ ትዝ ያለችኝ እዚህ ላይ ነው። ልጆች ሳለን የምትንጠው እሷ ነበረች። እኔ ክዳኑን ልከፍት እጄን ስዘረጋ «ተይው፣ ገና ነው» ትለኛለች። ዓይኗ ሌላ ቦታ፣ ጆሮዋ ጠርሙሱ ላይ ነው። እንዴት እንደምታውቅ ስጠይቃት የሚነገር ነገር አልነበራትም።

የዛሬ ሦስት ሳምንት በስልክ ስናወራ የቤቱን ነገር አነሣሁባት። አልተጣላንም። «እሺ» አለችኝ፤ ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። ብዙ ከቆየች በኋላ «በይ ደኅና እደሪ» ብላ ዘጋች። እስከ ዛሬ አልደወለችም፤ እኔም አልደወልኩም። ከዚያ ወዲህ ያቺን «እሺ» ስንት ጊዜ እንደ መረመርኳት! ተስማምታ ነው? ደክሟት ነው? ወይስ ተከፍታብኝ ነው?

ክሬሙ ዝም ባለበት ቢተው በራሱ ጊዜ ቅቤ አይሆንም። እንዳበጠ ይቆይና ከሥሩ ውሃ እያዠ ይወርዳል። ይህን እያሰብኩ እጄ አላቆመም ነበር፤ ጠርሙሱ ውስጥ አንድ ነገር ዷ ብሎ ግድግዳውን መታ። ስከፍተው ቢጫ ቅቤ ነጭ አሬራ ውስጥ ይዋኛል። ቢጫነቱ ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ላሟ ከበላችው ሣር ጀምሮ ስቡ ውስጥ ነበር፤ ጠብታዎቹ ተበታትነው ሳሉ ነጭ ሆነው ስለሚታዩ ተሸፍኖ ነው።

አሬራውን አጠለልኩ። ቅቤውን በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩት፤ አሬራ የቀረበት ቅቤ ቶሎ ይኮመጥጣል። የመጀመሪያው ውሃ ወተት መሰለ፤ አራተኛው ጠራ። 200 ግራም ገደማ ይሆናል።

መጭመቅና ጨው መጨመር ይቀረኛል። እኔ ግን እጄን አድርቄ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ፤ ቅቤው አሁንም ውሃው ውስጥ ነው። ስልኩ አጠገቤ አለ። ብደውልላት በምን እጀምራለሁ? በቤቱ ነው ወይስ በቅቤው?