በር ላይ የተጠየቀ ጥያቄ

በቲቢ ሕክምና ክፍል ለምንሠራ ነርሶች ዋናው ፈተና የሕክምናው ርዝመት ነው። መድኃኒት ያልተላመደ ቲቢ በተለመደው አሰጣጥ 6 ወር ይታከማል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል አንድ ላይ ይሰጣሉ፤ በቀሪዎቹ 4 ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ይቀጥላሉ። ሕመምተኛው ግን ከመዳኑ ብዙ ቀደም ብሎ የዳነ ይመስለዋል። ሳሉ ይቀንሳል፣ የሌሊት ላቡ ይተወዋል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይመለሳል፤ ሆኖም በዝግታ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ገና በሳንባው ውስጥ አሉ። በዚህ መሐል መድኃኒቱ ከተቋረጠ በሽታው ሊያገረሽ፣ ከዚያም አልፎ መድኃኒቱን ተላምዶ ሊመለስ ስለሚችል፣ በክትትል ካርዱ ላይ ምልክት ሳይደረግበት ያለፈ ቀን ሁሉ ያስጨንቀናል።

ሕክምናውን ከጀመረ ብዙም ያልቆየ አንድ ወጣት የጉልበት ሠራተኛ ነበር። በየማለዳው ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት መጥቶ፣ ክኒኖቹን በመዳፉ ላይ ተቀብሎ፣ እፊታችን ውጦ ይሄድ ነበር። ከዚያ በድንገት ቀረ። የሰጠን ስልክ አይሠራም፤ ቤቱ ድረስ ሰው ለመላክ እየተነጋገርን ሳለ የጤና ጣቢያችን የጥበቃ ሠራተኛ ወደ ክፍሌ ገቡ። በዕድሜ የገፉ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ቆባቸውን አውልቀው፣ ውስጥ የነበረችው ታካሚ እስክትወጣ ጠብቀው፣ በሩን ዘጉና "ሲስተር፣ መድኃኒት የጀመረ ሰው ሽንቱ ደም ቢመስል ምን ሆኖ ነው?" ሲሉ ጠየቁኝ። ስለ ማን እንደሚጠይቁ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብን፣ እንባን ሳይቀር ወደ ብርቱካናማ ወይም ቀላ ወዳለ ቀለም ይለውጣል፤ ይህም ጉዳት የለውም፤ መድኃኒቱ ሲያበቃ ቀለሙም ይጠፋል። ይህንኑ ነገርኳቸው። ወጣቱም በመጀመሪያው ቀን ተነግሮት ነበር፤ ነገር ግን ቲቢ እንዳለበት ገና በሰማበት ሰዓት የተነገረው ነገር ሁሉ በጆሮው ያድራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። እኒህ ሰው ግን አንድ ጊዜ ሰምተው አልወጡም። "እንባውም ቢቀላ አይደንግጥ ማለትሽ ነው? ልብሱንስ ያቀልመዋል? በሽታው ብሶበት ቢሆንስ በምን ይለያል?" እያሉ በየተራ ጠየቁኝ። በተለይ የመጨረሻው ጥያቄ ትክክለኛ ነበር፤ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ደጋግሞ ካስታወከው ወይም ሽንቱ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ መድኃኒቱ ጉበቱን ነክቶት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መምጣት እንዳለበት አስረዳኋቸው። ከዚያም "እስቲ በትክክል ይዤው እንደሆነ ስሚኝ" ብለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መልሰው ነገሩኝ።

የቀረውን በኋላ ከራሱ ከወጣቱ ነው የሰማሁት። ጋሼ ተረኝነታቸውን ሲያስረክቡ የደንብ ልብሳቸውን ቀይረው፣ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ሆነው ወደሚኖርበት ሰፈር ሄዱ። የጤና ጣቢያ ጥበቃ በደንብ ልብሱ ቤት ሲያንኳኳ ያየ ሰው ሁሉ ምክንያቱን መገመት እንደሚጀምር ያውቁ ነበር። ወደ ጊቢውም አልገቡም፤ ውጭ ጠርተው እየተራመዱ አነጋገሩት። ወጣቱ መድኃኒቱ ውስጡን እየቆራረጠው መስሎት እንደነበር፣ ይህንንም ለሴት ነርስ መናገር እንዳሳፈረው ነገረኝ። ለጋሼ ግን መናገር አልከበደውም፤ ምክንያቱም በየማለዳው በር ላይ "ሌሊቱን ሳሉ እንዴት አሳደረህ?" ብለው ይጠይቁት ነበር። በማግስቱ አብረው መጡ። ጋሼ በሩ ላይ ቀሩ፤ እሱ ገባ። ያቋረጠው ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለነበር ሐኪሙ መርምሮት ከቆመበት አስቀጠለው።

ጉዳዩ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ሲነሳ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጥበቃ ሠራተኛ በሕክምና ጉዳይ መግባቱ አደገኛ ልማድ ይሆናል የሚል ሥጋት አቀረበ። ሥጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ በር ላይ መድኃኒት የሚያዝዝ ወይም የታካሚን ምሥጢር የሚያወራ ሰው ብዙ ጥፋት ሊያደርስ ይችላል። እኒህ ሰው ግን በግምት መልስ አልሰጡም፤ ጥያቄውን ወደሚመለከተው ክፍል አምጥተው መልሱን ሳያዛንፉ አደረሱ፤ የታካሚውንም ስም ለእኔ እንኳ ሳይገልጹ ጠበቁ። ምሥጢር ጠባቂነት በሙያ ማዕረግ ብቻ የሚገኝ ነገር አለመሆኑን እኔ በበኩሌ ከእሳቸው በላይ ያሳየኝ ሰው የለም።

በቲቢ ሕክምና ታሪክም ቢሆን ከሕክምና ተቋም ውጭ ያለው ሰው ድርሻ አዲስ ነገር አይደለም። በሕንድ ማድራስ ከተማ የተካሄደውና ውጤቱ በ1959 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ በቤታቸው ሆነው የታከሙ ሕመምተኞች በሳናቶሪየም፣ ማለትም በቲቢ ሕመምተኞች የረጅም ጊዜ ማገገሚያ ተቋም፣ ተኝተው ከታከሙት ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንዳገኙ፣ አብረዋቸው የሚኖሩ ቤተሰቦችም ከዚያ የተነሳ የበለጠ እንዳልተጎዱ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ሕክምናው በአመዛኙ ወደ ቤትና ወደ ሰፈር ወጥቷል፤ ስለዚህም ሕመምተኛው መድኃኒቱን መዋጡን የሚከታተል፣ የሚያምነው ሰው ያስፈልገዋል።

በክፍላችን አሁን የቀለሙን ለውጥ የመጀመሪያውን ክኒን ከመስጠታችን በፊት እንናገራለን፤ ታካሚው በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲነግረን እናደርጋለን፤ በቀጣዮቹም ቀናት እንደግመዋለን። ስለ ሽንት ለመናገር የሚያፍር ወንድ ታካሚ ሲመጣ ወንድ ነርስ እንዲያነጋግረው እናመቻቻለን። የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞችም ስለ መድኃኒቶቹ የጎንዮሽ ጉዳትና ስለ ምሥጢር አጠባበቅ በሚሰጠው ገለጻ ላይ ይገኛሉ። ወጣቱ 6 ወሩን ጨርሶ በመጨረሻው የአክታ ምርመራ ነፃ ሆኗል። ጋሼም ታካሚዎች በር ላይ የሚጠይቋቸውን ጥያቄ ያለ ስም ይዘው መምጣታቸውን ቀጥለዋል፤ በቅርቡ ያመጡት ስለ መገጣጠሚያ ሕመም ሲሆን፣ ፒራዚናማይድ ሊያስከትለው የሚችል በመሆኑ ከመጀመሪያ ቀን ገለጻችን ውስጥ አስገብተነዋል።