ቴስታታ፣ ቶርክ ሬንች እና አንድ ጀሪካን ውሃ

2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። አንድ ኮሮላ ተጎትቶ ጋራዣችን መጣ። ባለቤቱ ከባሕር ዳር ሲመጣ አባይ በረሃ ወርዶ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ሂት አድርጎበታል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል። ትንሽ ነው የቀረኝ ብሎ እስከ አናቱ ነድቶታል። የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተቃጥሏል። ፈታሁት። ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ወስጄ ፊቱን አስላግኩ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጌ ገጠምኩ። ብሎኖቹን ያጠበቅኩት በእጄ ስሜት ነው። ያኔ ሥራው ላይ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። እጄን አምነው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት መኪናው ተመለሰ። ራዲያተሩ ውሃ ይጎድላል። ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ነጭ ጭስ ይወጣል። ደግሜ ስፈታው ያየሁት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። መሃል ያሉት ብሎኖች በስንት ጉልበት ተላቀቁ። ጥግ ያሉት ሁለቱ ግን ገና ቁልፉን ስደገፈው ዞሩ። አሥሩንም ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፣ በአንድ ከሰዓት፣ በዚሁ እጅ። ባለቤቱ አልጮኸብኝም። "ቤተሰብ ጭኜ ነበር" ብቻ አለኝ። ጓርኒሲዮኑን ከኪሴ ገዛሁ፣ የእጅ ዋጋም አልተቀበልኩም። ቃሉ ግን ከውስጤ አልወጣም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ "እጅህ ይወቅ" ይሉኝ ነበር። አሁንም አከብራቸዋለሁ። ሞተር ሲያስነሱ በጆሮ ብቻ የቱ ፒስተን እንደሰነፈ ይነግሩኛል። ግን እሳቸው ያደጉት በኤንትሬ ነው፣ በዚያ በፊያት ጭነት መኪና፣ የእጅ አውራ ጣት በሚያህል ብሎን። ወፍራም ብሎን ስህተት ይችላል። የዛሬው ሞተር አልሙኒየም ነው፣ ብሎኑም ቀጭን ነው። ትንሽ ካነሰ ያፈስሳል፣ ትንሽ ካለፈ ጥርሱ ይበላል።

ብሎን ስናጠብቅ የምንፈልገው ብሎኑ ትንሽ እንዲለጠጥ ነው። እንደ ሞላ ተወጥሮ ሁለቱን ብረቶች አጣብቆ ይይዛቸዋል። ችግሩ፣ ከምናወጣው ጉልበት ወደ 90 በመቶ የሚሆነው በሰበቃ ይበላል። ግማሹ ያህል በብሎኑ ራስ ሥር፣ የቀረው ጥርሱ ላይ። ብሎኑን ለመወጠር የሚተርፈው 10 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ አንዱ ብሎን ዝገት ካለበትና ሌላው ዘይት ከነካው፣ እጃችሁ አንድ ዓይነት ጥንካሬ ቢሰማውም ሁለቱ እኩል አልተወጠሩም። ለዚህ ነው ማኑዋሉ የቴስታታን ብሎን ጥርሱንና ከራሱ ሥር በስሱ ዘይት ቀቡት የሚለው። ቀዳዳው ውስጥ ግን ዘይትም ውሃም መቅረት የለበትም። ፈሳሽ አይታመቅም፣ ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። እኔ በንፋስ ሳላጸዳ ብሎን አላስገባም።

ያ ኮሮላ ሞተሩ ፎር ኤ ኤፍ ኢ ነበር። የቴስታታው ብሎን ልክ መጀመሪያ 29 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ ነው)፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ ነው። ከመሃል እየጀመሩ ወደ ጥግ። ሌላው የቶዮታ ሞተር ዋን ኤንዜድም በዚሁ ልክ ነው የሚጠብቀው። 29 ካስገባችሁ በኋላ የእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት ታደርጋላችሁ። ከዚያ ምልክቱ ሩብ ዙር፣ ቀጥሎም ሌላ ሩብ ዙር ሲሄድ በዓይን ትከተሉታላችሁ። እኔ ከሱቅ የገዛሁት ነጭ የጥፍር ቀለም አለኝ። ቶሎ ይደርቃል።

የመጀመሪያ ስህተቴ ቶርክ ሬንች፣ ማለትም የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ ቁልፍ፣ አለመያዜ ነበር። ሁለተኛው የተሳሳተ ቶርክ ሬንች መግዛቴ ነው። ከኮሮላው በኋላ በእልህ ሄጄ ባለ ግማሽ ኢንች ገዛሁ፣ ቡሶላ (የብሎን ራስ ላይ የሚገባው ክብ መፍቻ) የሚሰካበት ጫፉ ማለት ነው። ከ28 እስከ 210 ይላል። 29 በውስጡ አለ አይደል? አለ፣ ግን ከታች ጫፍ ላይ ነው። ልኩ ሲደርስ ቀጭ የሚለው ዓይነት ቁልፍ ውስጡ ሞላ ነው። ከሙሉ አቅሙ አንድ አምስተኛ በታች ላይ ማመን ይከብዳል። ለ210 ቁልፍ አንድ አምስተኛው 42 ነው። ቴስታታዬ የሚፈልገው 29 ከዚያ በታች ወደቀ። ለጎማ ዳዶ፣ ማለትም ለ103 ኒውተን ሜትር፣ ግን ያው ቁልፍ ጥሩ ነው።

ስለዚህ አንድ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ሲጠይቀኝ ባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ውሰድ እለዋለሁ። ከ10 እስከ 60 ያለው፣ ወይም ለዚያ የሚቀርብ። የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ክዳን ብሎን 13 ነው፣ ካንዴላ 18፣ የዘይት ማፍሰሻው 37 ገደማ። ሞተር ላይ በየቀኑ የምንነካው እዚያ ውስጥ ነው። ትልቁ ቁልፍ ቆይቶ ይመጣል።

ገንዘብ ለሚያጥረው ወጣት ሌላም ምክር አለኝ። ቀስት ያለው ቶርክ ሬንች አለ። ረጅም ዘንግ ነው፣ ሲጎተት ዘንጉ ይታጠፋል፣ ቀስቱ ቁጥር ያሳያል። ውስጡ የሚደክም ሞላ የለም። ቀስቱ ዜሮ ላይ ካልቆመ በእጅ ታቃኑታላችሁ፣ በቃ። አለመመቸቱ፣ በቀጥታ ከላይ ማየት አለባችሁ፣ በጎን ካያችሁት ያሳስታል። ጠባብ ቦታ ላይም ያስቸግራል። ግን ርካሽ ሆኖ የማይዋሽ ከሆነ እኔ ለርካሹ አላፍርም። ጋራዣችን ውስጥ አሁንም አንድ አለ፣ ሌሎቹን የምንመዝንበት እሱ ነው።

ጀሪካኑ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። አዲስ ቶርክ ሬንች ስገዛ ሞተር ከማስነካቴ በፊት በውሃ እፈትነዋለሁ። የቁልፉን አራት ማዕዘን ጫፍ በቡሶላና በብሎን አድርጌ ሞርሳ (ብረት አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ) ላይ አስራለሁ። ቁልፉ ወለሉን ትይዩ ሆኖ ይቆማል። ከጫፉ እስከ እጀታው መሃል በሜትር እለካለሁ። የእኔ ትንሹ ቁልፍ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ 10 ሊትር ውሃ የያዘ ቢጫ ጀሪካን እዚያች ነጥብ ላይ በገመድ ቀስ አድርጌ አንጠለጥላለሁ። ጀሪካኑን አስቀድሜ ሰፈር ካለው ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ከነውሃው 10.5 ኪሎ ነው። 10.5 በ9.8፣ በ0.3 ሲባዛ 31 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። የቁልፉ የራሱ ክብደትም አንድ ያህል ይጨምርበታል። ስለዚህ ቁልፉን 28 ላይ ሳደርገው ቀጭ ማለት አለበት። 36 ላይ ሳደርገው ዝም ማለት አለበት። ከነዚህ መሃል ቀስ እያልኩ የሚቆምበትን እፈልጋለሁ።

ያ በእልህ የገዛሁት ቁልፍ በዚሁ ሙከራ አልፎ ነበር? አላለፈም። እሱ ረዘም ስለሚል ያው 32 እንዲሆን ከጀሪካኑ ውሃ ቀነስኩ፣ 40 ላይ አድርጌው ቀጭ አለ። ማለት፣ 40 አጥብቄያለሁ ብዬ ሳምን የማጠብቀው 32 ነበር። ሻጩ ጋ ስመለስ "ኦሪጅናል ነው ወንድሜ፣ ጀርመን ነው" አለኝ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አሳየኝ። እኔ ደግሞ ጀሪካኑን ነገርኩት። አልቀየረልኝም።

ከአሜሪካ ዘመድ ለምታስመጡ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እዚያ የሚሸጡት ብዙዎቹ በፉት ፓውንድ ናቸው። አንድ ፉት ፓውንድ 1.356 ኒውተን ሜትር ነው። 29 ኒውተን ሜትር ማለት 21.4 ፉት ፓውንድ ገደማ ነው። ረዳቴ አንድ ቀን 13ን በፉት ፓውንድ በኩል አነበበው። ወደ 18 ኒውተን ሜትር ማለት ነው። የካምሻፍቱ ክዳን ብሎን ያረፈበት የቆየ አልሙኒየም ነበር፣ ጥርሱን ይዞት ወጣ። ልጁ ጥፋት የለበትም፣ ሁለቱም ቁጥር ቁልፉ ላይ ጎን ለጎን ነው ያለው። አሁን የማንጠቀምበትን ጎን በፕላስተር ሸፍነነዋል። ኢንች የሆነውን ቡሶላም እንዳያመጡላችሁ ንገሯቸው።

ወደ ቡሶላ ልምጣ። ሶማሌ ተራ ዕቃ ስገዛ ኪሴ ውስጥ ሦስት አዲስ ብሎን አይጠፋም፦ 10፣ 12 እና 14። ቶዮታ ላይ የምንኖረው በነዚህ ነው። ቡሶላውን ብሎኑ ላይ አድርጌ ግራ ቀኝ እነቀንቀዋለሁ። ብዙ ከተወዛወዘ አልገዛም፣ ምንም ይጻፍበት። ክሮም ቫናዲየም የሚለው ቃል ዛሬ ሁሉም ላይ ተቀርጿል። ባለ 12 ጥርሱን ትቼ ባለ 6 ጎኑን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የሚይዘው ሰፊ ፊት ነው። ብሎን ራሱ እንዳይላላጥ የሚያተርፈን እሱ ነው። የቴስታታው ብሎን ግን ሌላ ነው። ያ ከውስጥ ባለ 12 ጥርስ ቢት ይፈልጋል፣ ባለ 10 ሚሊ ሜትር። እሷ ላይ አትቆጥቡ። ደካማ ቢት ብሎኑ ውስጥ ተጠማዞ ሲቀር ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ያውቀዋል።

ከመቶ በላይ ቁራጭ ያለው ሳጥን ያምራል። ግማሹን ግን አትነኩትም። በዚያ ገንዘብ ጥሩ ራቼት (ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚነክስ የቡሶላ እጀታ)፣ ስድስት ሰባት ቡሶላ፣ ሁለት ማስረዘሚያ ቢገዛ ይሻላል። ራቼቱን ስትመርጡ ጫፉን በጣታችሁ ይዛችሁ በጣም በቀስታ አዙሩት። እያንዳንዱ ጥርስ እኩል መንከስ አለበት። አንዷን ከዘለለ፣ ጉልበት ስታወጡም ይዘልላል፣ ጣታችሁም ብረት ላይ ነው የሚያርፈው። የቀኝ እጄ ጠባሳ ከዚያ ነው የመጣው። ቁልፍ ደግሞ ያገለገለም ቢሆን አልጠላም። ምናለሽ ተራ አንድ ኬቲሲ የሚል የጃፓን 12 ቁልፍ አግኝቻለሁ። ክሮሙ ተልጧል፣ አፉ ግን ምንም አልሰፋም። ካቻቪቴና ፒንሳ ላይ ብዙ አልመራመርም። እንግሊዝ ቁልፍ ሞተር ላይ አላስነካም።

ቶርክ ሬንች ብሎን መፍቻ አይደለም። ለመፍታት ሌላ ዘንግ አለ። ሥራ ሲያልቅ ሞላው እንዲያርፍ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ይመለሳል፣ ከዚያ በታች ግን አይፈታም። ስትጎትቱ በእርጋታ፣ እጀታውን መሃሉ ላይ ይዛችሁ፣ ቀጭ ሲል ቁሙ። ለማረጋገጥ ብሎ ሁለቴ ሦስቴ ማስጮኽ ልማድ ነው፣ በየጩኸቱ ግን ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። ከወደቀ እንደገና ጀሪካኑ ላይ ይሂድ።

ባለፈው ጾም ጋሼ ሊጠይቁኝ መጡ። የተጣለ ብሎክ ላይ አዲስ ብሎኖች አስገብቼ "ጋሼ፣ በእጅዎ 29 ያድርጉልኝ" አልኳቸው። ሦስት አጠበቁ። እኔም ሦስት አጠበቅኩ። ከዚያ በቀስታሙ ቁልፍ እያንዳንዱ መዞር የሚጀምርበትን አነበብን። የሳቸው 27፣ 30፣ 36። የእኔ 24፣ 35፣ 41። ከእኔ በጣም ይሻላሉ። እሳቸው ግን 36ቷን ብሎን ነው ዝም ብለው የሚያዩት። ቀስቱን ሁለቴ አዩ። መነጽራቸውን አውጥተው ሦስተኛ አዩ።

"ፍታቸውና እንደገና" አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፣ "በዚህ በቀስታሙ ነው፣ አምጣው። ቀለሙንም አቀብለኝ።"